ስለ እጣቢ ውኃ አወጋገድ
በጉንችሬና በአካባቢው ለሚገኙ የገጠር ተማሪ ቤቶች የተዘጋጀ ትምህርት

እጣቢ የሚባለው ዕቃ፣ እጅና እግር ወይም ልብስ ከታጠበ በኋላ የሚተርፈው ውኃ ነው። ከመጸዳጃ ቤት ከሚወጣው እድፍ ስለሚለይ ብዙ ሰው እንደ ቆሻሻ አይቈጥረውም። ሳፋውን አንሥቶ ከደጅ መድፋት ከጥንት የነበረ ልማድ ነው፤ የደፋውም ሰው ውኃው ወዴት እንደ ሄደ ዘወር ብሎ አያይም። ይህ ትምህርት የሚናገረው ውኃው ከሳፋው ከወጣ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው።

ጉንችሬ ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ በሆነው በእነሞር አገር የምትገኝ፣ የእነሞርና ኤነር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው ገጠር ቤቶች በጀፎሮው ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይታያሉ፤ በፊታቸው ሰፊው የጋራ ሣር፣ በስተ ኋላቸው የእንሰት ጓሮ ይገኛል። ባለቤቲቱ ውኃ ከምንጭ በጀርባዋ አዝላ በምታመጣበት ዘመን አንዲት ጠብታ እንኳ በከንቱ አትፈስም ነበር። እህል የታጠበበት ውኃ ለከብት ይሰጣል፤ የቀረው ጥቂት እጣቢ በጓሮ ይደፋል፤ መሬቱም ያለ ችግር ይመጥጠዋል። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ሰዎች ልማድ ስሕተት ነበር ማለት አይገባም። ለነበረው ውኃ ልክ የሚበቃ ልማድ ነበር።

አሁን ግን የውኃው ልክ ተለውጧል። ቧንቧ ከግቢ በገባበት ወይም ቦኖ በቅርብ በተተከለበት ስፍራ፣ ቀድሞ በቀን አንድ ወይም ሁለት ገንቦ ይበቃው የነበረ ቤት አራትና አምስት ጀሪካን ይጠቀማል። ይህም እሰየው የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ፊቱን የሚታጠብ ልጅ ከዓይን ማዝ ይድናልና። ነገር ግን ወደ ቤት የገባው ውኃ ሁሉ፣ ከተጠጣውና ከተበሰለበት በቀር፣ እድፍ ይዞ ተመልሶ ይወጣል። ቧንቧ ለማስገባት ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ብዙ ሲሆን፣ የሚወጣውን ውኃ ወዴት እንደሚሰድ አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የችግሩ ሥር ይህ ነው።

በእጣቢ ውስጥ ምን እንዳለ መምህሩ ለተማሪዎቹ በዓይናቸው ሊያሳያቸው ይችላል። ዕቃ የታጠበበትን ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ፣ ክፍሉ ጥግ አኑሮ ሦስት ቀን ማቆየት ነው። በመጀመሪያው ቀን ውኃው ነጣ ያለ ደመና ይመስላል፤ የምግብ ፍርፋሪ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቅባት ከላይ ይሰፍራል። ከዚያም በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን ፍርፋሪውን ሲመገቡ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሱታል። አየሩ ሲያልቅ ያለ አየር መኖር የሚችሉት ሌሎቹ ይበረታሉ፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የተበላሸ ዕንቁላል የመሰለ ሽታ የሚያወጡት እነዚህ ናቸው። ውኃውም ቀለሙ ወደ አመድማ ይለወጣል። በውጭ አገር እንዲህ ያለውን ውኃ ግራጫ ውኃ ብለው የሚጠሩት በዚሁ መልኩ ነው።

በደጅ የተኛ እጣቢ የትንኝ መፈልፈያም ይሆናል። እንቍላሏን በውኃው ላይ ከጣለች በኋላ፣ አየሩ ሞቃት ከሆነ፣ ዐሥር ቀን ያህል ባልበለጠ ጊዜ እጩ አድጎ ክንፍ ያወጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መነገር አለበት። በእድፋም ውኃ የምትራባው ትንኝ እንቅልፍ የምትነሣ ተናካሽ ናት እንጂ ወባን የምታመጣው አይደለችም፤ የወባ ትንኝ አብዛኛውን ጊዜ ጠራ ያለ ውኃ ትመርጣለች። የሰፈሩን ወባ ሁሉ በእጣቢ ማሳበብ ሐሰት ነው፤ ሐሰት የተማረ ልጅም እውነቱን ባወቀ ጊዜ የቀረውን ትምህርት አብሮ ይጥለዋል። የእጣቢ ጥፋቱ ሌላ ነው፤ እርሱም ወደሚጠጣ ውኃ መድረሱ ነው።

ስለዚህ ጥፋት ከሁሉ የበለጠ የታወቀው ታሪክ በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ በ1854 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሆነው ነው። ብሮድ ስትሪት በተባለ መንገድ በአንድ ቤት ውስጥ የአምስት ወር ሕፃን ተቅማጥ ያዛት። እናትዮዋ የልጅዋን ጨርቅ አጥባ እጣቢውን ከቤቱ ፊት ለፊት ባለ የእድፍ ጉድጓድ ደፋችው። እርስዋ ያደረገችው ነገር ማንኛዋም እናት የምታደርገው ነው። ነገር ግን የእድፉ ጉድጓድ ግንብ የተሰነጠቀ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ከሚቀዳበት ጉድጓድም የሚለየው ርቀት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። የሕፃኒቱ ደዌ ኮሌራ ነበርና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሞቱት ሰዎች ውኃ የሚቀዱበትን ስፍራ ቤት ለቤት ጠይቆ ምክንያቱ ያ ጉድጓድ መሆኑን ስላስረዳ፣ በመስከረም 8 ቀን (እ.ኤ.አ.) የመሳቢያው እጀታ ተነቀለ። የሰፈሩ ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ ግን የሐኪሙን ቃል አላመነም ነበር። የስኖውን ሐሳብ ሐሰት ለማድረግ ብሎ ራሱ ቤት ለቤት ሲመረምር የሕፃኒቱን ነገርና የእጣቢውን መንገድ ያገኘው እርሱ ሆነ፤ እውነቱንም ባገኘ ጊዜ አልሸሸገውም። ኮሌራ ደግሞ የሩቅ ዘመንና የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም፤ በ2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በባሌ ተነሥቶ ወደ ብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ተዛምቷል።

በኢትዮጵያም እጣቢ ከሳፋ ወጥቶ ሩቅ እንደሚሠራ ያሳየ ሌላ ነገር አለ። በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ ነውና ነገሩ ለሕክምና ትልቅ ተስፋ ሆነ፤ በዚሁም ሥራቸው እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የዓድዋዎቹ ሴቶች ልብስ ከማጠብ በቀር ያሰቡት ነገር አልነበረም። ለበጎ ሆነላቸው እንጂ ያው የእንዶድ ውኃ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ሁሉ ዓሣንም ይገድላል።

ሰው እጣቢውን በዓይኑ እያየ እንዲቈጥር የሚገደድበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም እንደ ቤት ሆኖ የተሠራ የመንገደኛ መኪና ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች መኝታና ትንሽ ወጥ ቤት ባለበት መኪና አገር ለአገር ይዘዋወራሉ። የዕቃ መታጠቢያው ገንዳ ሲከፈት እጣቢው በቧንቧ ወርዶ ከመኪናው ሆድ ሥር በተሰቀለ ጋን ይጠራቀማል። ጋኑ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሊትር ይይዛል። በብዙ ስፍራ በመንገድ ዳር መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ባለ መኪናው ለዚሁ ተብሎ ወደ ተሠራ መድፊያ እስኪደርስ ተሸክሞት ይሄዳል። ሁለት ቀን ካቆየው ሽታው ተመልሶ በገንዳው ቀዳዳ ወደሚተኛበት ክፍል ይገባል። ስለዚህ መንገደኞቹ ሁለት ልማድ አበጁ፤ አንደኛው ድስትና ሳህን ከመታጠቡ በፊት ቅባቱንና ፍርፋሪውን በወረቀት መጥረግ፣ ሁለተኛው በገንዳው አፍ ወንፊት ማኖር ነው። በተጨማሪም ቧንቧው እንደ ዝይ አንገት ይታጠፋል፤ በእጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ውኃ ሽታ እንዳይመለስ በር ሆኖ ይዘጋል። ይህን እጥፋት ያወጣው አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ የሰዓት ሠሪ በ1775 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በጉንችሬም ገንዳ በገባበት ቤት ሁሉ ይህ እጥፋት መኖር አለበት። መኪና መሬት የላትምና ባለቤቱ አስቦ ይኖራል፤ መሬት ያለው ሰው ግን መሬቱ ሁሉን የሚውጥ ይመስለዋል።

መሬት ግን ሁሉን አይውጥም፤ ከሁሉ ይልቅ ቅቤን አይውጥም። ይህ በጉራጌ አገር በተለይ መነገር ያለበት ነው። በመስቀል ሰሞን ክትፎው በንጥር ቅቤ ርሶ ለእንግዳ ሁሉ ይቀርባል፤ ጣባውና ድስቱ በሞቀ ውኃ ይታጠባል፤ ቅቤውም ቀልጦ ከውኃው ጋር ይወርዳል። ሌሊት ብርድ ሲሆን ግን ቅቤው በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይረጋል፤ አፈሩን እንደ ሰም ይለብጠዋል። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ሲመጥጥ የኖረ ጉድጓድ ከመስቀል በኋላ ድንገት ሞልቶ የሚፈሰው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ጣባው ውኃ ሳይነካው በደረቅ ኮባ ቅጠል ወይም በቃጫ ተጠርጎ፣ መጥረጊያው በእሳት ይቃጠል ወይም ከፍግ ጋር ይቀበር። መንገደኛው በወረቀት የሚያደርገውን የጉንችሬ ባለቤት ከጓሮዋ በምታገኘው ታደርገዋለች።

እጣቢን በበጎ ለመጨረስ የሚበጀው ነገር የማስረጊያ ጉድጓድ ነው። አስቀድሞ መሬቱ መፈተን አለበት። ጉድጓዱ በታሰበበት ስፍራ ሁለት ስንዝር ያህል ጥልቀት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ተቈፍሮ ማታ ውኃ ይሞላል፤ አፈሩ ጠግቦ ያድራል። በማግሥቱ እንደገና ውኃ ተሞልቶ እንጨት ይተከልበታል፤ ውኃው በመጀመሪያ የደረሰበትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የወረደበት ይቈረጣል። አንድ ጣት ያህል እንኳ ካልወረደ መሬቱ ዋልካ ነው። ይህን ፈተና ተማሪዎች ራሳቸው ቢያደርጉት ይመረጣል፤ በተማሪ ቤቱ ግቢ በሁለትና በሦስት ስፍራ ቢቈፍሩ የአንዱ ግቢ መሬት እንኳ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ያያሉ።

ከዚያ በኋላ ሒሳብ ይመጣል። ስድስት ሰዎች በሚኖሩበት ቤት እያንዳንዱ በቀን 15 ሊትር ቢጠቀም ድምሩ 90 ሊትር ነው። ከዚህ 30 ሊትር ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለከብት ቢሄድ የሚወጣው እጣቢ 60 ሊትር ይሆናል። ጉድጓዱ ወርዱም ቁመቱም አንድ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱም ውኃ ከሚገባበት በታች አንድ ሜትር ቢሆን፣ አራቱ ግድግዳዎቹ አራት ካሬ ሜትር ናቸው። ወለሉ አይቈጠርም፤ ዝቃጭ ቶሎ ይደፍነዋልና። መካከለኛ አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ በቀን 25 ሊትር ያህል እጣቢ ለረጅም ጊዜ ሊመጥጥ ይችላል፤ አሸዋማው እስከ 50፣ ዋልካ ግን 10 ወይም ከዚያ በታች ነው። በመካከለኛው አፈር አራቱ ግድግዳዎች 100 ሊትር ስለሚችሉ 60ው ያለ ጭንቅ ያልቃል። በዋልካ ግን የሚችሉት 40 ብቻ ነው፤ በየቀኑ 20 ሊትር ይተርፋል፤ በሳምንት 140 ሊትር በደጅ ይተኛል። ታዲያ በዋልካ አገር ያለ ሰው ምን ያድርግ ለሚለው መልሱ ጥልቀት መጨመር ሳይሆን ቁመት መጨመር ነው። ጉድጓዱ እንደ ቦይ አራት ሜትር ረዝሞ፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግድግዳዎቹ 7 ካሬ ሜትር ከ20 ይደርሳሉ፤ 72 ሊትርም ይመጥጣሉ። ይህን ስሌት ከፍ ያለው ክፍል ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ሊሠራው ይችላል፤ ከዚያም የገዛ ቤቱን ሰዎች ቈጥሮ ለአባቱ ስንት ሜትር መቈፈር እንዳለበት ይነግረዋል።

ጉድጓዱ የሚቈፈርበት ስፍራ ከምንጭም ከጉድጓድ ውኃም ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፣ ከእነርሱም በስተ ታች በኩል የሆነ ይሁን። የሎንዶኑ ነገር ይህን ለማስታወስ ይበቃል። ወለሉም ከመሬት በታች ካለው ውኃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት፤ በክረምት የመሬት ውኃ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በበጋ ደረቅ ሆኖ የተቈፈረው በነሐሴ ከሥሩ ውኃ ሊያፈልቅ ይችላል። ጉድጓዱ ከታች በትልልቅ ድንጋይ፣ ከላይ በጠጠር ይሞላል፤ ድንጋዩ ግድግዳውን ደግፎ ይይዛል፤ ልጅም እንዳይገባበት ይከለክላል። በላዩ ደረቅ ሣርና ኮባ ተነጥፎ አፈር ይለብሳል፤ ከላይ በኩል ደግሞ የዝናብ ጎርፍ እንዳይገባበት ትንሽ ቦይ ይቀደዳል። እጣቢው የሚገባው በአንድ አሮጌ ቆርቆሮ በኩል ነው፤ ቆርቆሮው ከሥሩ ተበሳስቶ በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ይሞላል። ጭዱ ቅባቱንና ፍርፋሪውን ይይዛል። በሳምንት አንድ ጊዜ ወጥቶ በሌላ ካልተለወጠ ግን ራሱ ይሸታል፤ ብዙ ጉድጓድ የተበላሸው ጭድ የሚለውጥ ሰው ስለ ጠፋ ነው። ይህን ሥራ ለአንድ የታወቀ ሰው መስጠት ይገባል፤ የሁሉም የተባለው የማንም አይሆንም።

እጣቢውን በእንሰት ጓሮ ማፍሰስ ይቻላል ወይ ብለው የሚጠይቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ይቻላል። እንሰት ውኃ ይወዳል፤ በበጋም ይጠቅመዋል። ነገር ግን በአንድ ስፍራ ብቻ በየቀኑ አይደፋ፤ ሳሙና ጨው መሰል ነገር ስላለው የዋልካን ቀዳዳ ይደፍናልና፣ አንዱን ረድፍ ዛሬ፣ ሌላውን ነገ እያሉ ማዘዋወር ይሻላል። በጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ ግን ፈጽሞ አይፍሰስ። በረኪና የገባበት ውኃ ወደ ጓሮ አይሂድ። ደግሞም እንሰት በአጠውልግ በሽታ በተያዘበት አገር፣ የታመመውን የቈረጠ ቢላዋ የታጠበበት ውኃ ወደ ደኅናው እንሰት እንዳይደርስ መጠንቀቅ ይገባል፤ ያ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው ያልጸዳ ቢላዋ ነውና። ቢላዋው በእሳት ቢለበለብ ከማጠብ ይሻላል።

በተማሪ ቤት ያለው ነገር ከቤት ይለያል። ሦስት መቶ ልጆች ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱና ከምሳ በፊት እጃቸውን ሲታጠቡ ለአንዱ ልጅ በቀን ግማሽ ሊትር ቢደርሰው 150 ሊትር በአንድ ስፍራ ይፈስሳል። ጀሪካን ተሰቅሎ ሳሙና በገመድ ታስሮለት፣ ከሥሩ ግን አንዳች ሳይበጅለት የቀረ መታጠቢያ በአንድ ወር ውስጥ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃ የጠላ ልጅም መታጠቡን ይተዋል። ስለዚህ ጠጠር የተሞላው ጉድጓድ ጀሪካኑ ከመሰቀሉ በፊት ይቈፈር። እጣቢው ወደ መጸዳጃው ጉድጓድ ይግባ የሚል ሰው ቢኖር አይሰማ፤ ደረቅ መጸዳጃ ብዙ ውኃ ሲገባበት ቶሎ ይሞላል፣ ግድግዳው ይናዳል፣ ትንኝም ይራባበታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከትምህርቶቹ አንዱ የደረቅና የፍሳሽ ቆሻሻ አወጋገድ ነበርና፣ መምህሩ በቀበሌው ካለችው የጤና ባለሙያ ጋር ቢመክር ሥራው ይቀልለታል።

የቀረው የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው። ጀፎሮ የማንም ያልሆነ የሁሉም መሬት ነው፤ ከብት ይሰማራበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ለቅሶም ሠርግም ይሰበሰብበታል። ሰባት ቤት በየጆካ ሥርዓቱ አጥር ወደ ጀፎሮ እንዳይገፋ ሲጠብቅ ኖሯል። እጣቢ ግን አጥር አይደለምና በዝምታ ይገባል። ከላይ ያለው ቤት ሲደፋ ከታች ያለው ደጅ ይጨቀያል፤ የታችኛው ሲናገር የላይኛው «ውኃ ነው፣ ምን አደረገህ?» ይለዋል፤ ጠብም በዚህ ይጀመራል። አጥርን ወደ ኋላ የሚመልስ ዳኝነት ስለ እጣቢም ቃል ቢሰጥ አዲስ ሕግ ማውጣት አይሆንም፤ የቈየውን ሕግ ወደ አዲስ ነገር ማድረስ ነው። ለጉድጓድ የሚሆን ጉልበት ከየት ይገኛል ለሚልም፣ በ1960ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) የጉራጌ ሰዎች ከንግዳቸው ሳንቲም ለሳንቲም አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ ማሠራታቸውን ማስታወስ ይበቃል፤ አንድ ሜትር ጉድጓድ ለሦስት ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ጉድጓዱ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ መታየት ያስፈልገዋል፤ አንዱ ክረምት ሳይገባ በግንቦት፣ ሁለተኛው መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ውኃ ከደፉ በኋላ በማግሥቱ ያልጐደለ እንደ ሆነ ላዩ ተከፍቶ የላይኛው ጠጠር ይወጣል፤ ቅባት የለበሰው በሙቅ ውኃና በአመድ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይመለሳል፤ ያ እጣቢም ወደዚያው ጉድጓድ እንዳይመለስ ከጓሮው ዳር ይቀበራል። ይህም ካልረዳ ከአሮጌው ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ሁለተኛ ጉድጓድ ይቈፈር። አሮጌው አንድ ዓመት ያህል ደርቆ ሲያርፍ አፈሩን የደፈነው ነገር በአብዛኛው በስብሶ ስለሚያልቅ፣ ሁለቱን በየተራ መጠቀም ይቻላል።